ውሃ የተኛበት ማሳ፦ ሥር እንዲተነፍስ ምን ይደረግ?

በሐምሌና በነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወደ ደነባና እነዋሪ የሚሄድ ሰው በመኪና መስኮት ብቻ አይቶ ብዙ ነገር መገመት ይችላል። ጥቁር አፈር፣ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ የተኛ ውሃ። ዳር ዳሩን ያለው ስንዴ አረንጓዴ ነው። መሃል ላይ ያለው ቢጫ ነው። ባቄላው ደግሞ አንዳንዴ ውሃ ውስጥ እንደቆመ ይጠወልጋል። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። እግሩ ውሃ ውስጥ ያለ ተክል እንዴት ይጠማዋል?

ይህ መመሪያ ለዚያ ማሳ ባለቤት የተጻፈ ነው። ለልማት ጣቢያ ሠራተኛም፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጓሮው ጭቃ ለሚሆንበት የከተማ ሰውም ይሆናል። ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ዶማ፣ አካፋ፣ ባልዲ፣ አንድ ምላጭ ይበቃል። ዶማውን ከማንሳታችን በፊት ግን ሥሩ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ። ይሄን የዘለለ ሰው ቦዩን የት እንደሚቀድ፣ ዩሪያውን መቼ እንደሚበትን በግምት ነው የሚሠራው።

ሥሩን የሚገድለው ውሃው አይደለም

"ውሃ በዛበት" እንላለን። በእርግጥ በዝቷል። ተክሉን የሚጎዳው ግን አየር ማጣቱ ነው። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው። ስንዴን ያለ አፈር፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደግ ይቻላል። ውሃው ውስጥ ምግቡ እስካለና አየር በቱቦ እስከተነፋበት ድረስ ምንም አይሆንም። ቱቦው ሲዘጋ ነው መከራው የሚጀምረው።

አፈር ውስጥ በቅንጣቶቹ መካከል ክፍተት አለ። በደህናው ጊዜ ግማሹን ውሃ፣ ግማሹን አየር ይይዘዋል። ዝናቡ ሲበረታ ክፍተቱ በሙሉ በውሃ ይሞላል። ኦክስጅን ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚጓዘው አየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ነው። ሥሩ፣ ባክቴሪያው፣ ትሉ የቀረችውን ኦክስጅን ተሻምተው ይጨርሷታል። ሞቃት አገር ላይ ለዚህ አንድ ቀን እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። እንደኛ ደጋ ቀዝቀዝ ያለ አፈር ላይ ትንሽ ይዘገያል። ብርዱ የሚሰጠን የቀናት ዕድሜ ነው፤ ልንጠቀምበት ይገባል።

ኦክስጅን ሲያልቅ ሥሩ ስኳሩን በወጉ ማቃጠል ያቅተዋል። ኦክስጅን ካለ አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል 30 ገደማ የኃይል አሃድ ይሰጠዋል። ከሌለ 2 ብቻ። ስለዚህ ሥሩ ጠላ ጋን ውስጥ እርሾው የሚሠራውን መሥራት ይጀምራል። ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሂደቱም ያው ነው፣ የሚወጣውም ያው ኢታኖል ነው። እርሾ በዚህ መኖር ይችላል። የሽምብራ ሥር ግን አይችልም። ስኳሩ ቶሎ ያልቅበታል። የህዋሱ ውስጥ አሲድነት ይጨምራል። አሲዱ ውሃ የሚያስገቡትን የህዋስ በሮች ይዘጋቸዋል። ውሃ ውስጥ ቆሞ መጠውለግ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አፈሩም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች በሱ ፋንታ ናይትሬትን ይጠቀማሉ። በብዙ ብር የተገዛው ማዳበሪያ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል ማለት ነው። ከናይትሬት ቀጥሎ ማንጋኒዝ፣ ከዚያ ብረት፣ ከዚያ ሰልፌት ይመጣል። ማንጋኒዝና ብረት በዚህ ጊዜ ይሟሙና በብዛት ሥሩን ይመርዛሉ። ሰልፌቱ ላይ ሲደረስ ጭቃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ተክሉ በበኩሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ከታችኛው ቅጠል ነቅሎ ለአዲሱ ቅጠል ይሰጣል። ቢጫነቱ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. ጉድጓድ ቆፍሩ

ማሳው ላይ ሦስት ቦታ ምረጡ። አንዱ ከፍ ያለው ላይ፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ዝቅ ያለው ቦታ። አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩ። ይሄ ሐምሌ ላይ፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ ማግስት ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ካባራ ከአንድ ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ውሃው ከአፈሩ ፊት 30 ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይወርድ እዚያው ቆሞ ካደረ፣ አብዛኛው የሰብላችሁ ሥር ያለው ውሃው ውስጥ ነው። ሜዳው ላይ ውሃ አለመታየቱ አያታልላችሁ። ጥቁር አፈር ላይኛው ፊቱ ደርቆ ውስጡ ሊታፈን ይችላል።

ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ቀለምም እዩ። ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አፈር ለረጅም ጊዜ አየር ያላገኘ ነው። በግራጫው መሃል እንደ ዝገት ያለ ቀይ መስመር ካያችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ብዙውን ጊዜ አንድ ሥር ያለፈበት መንገድ ነው። ከሥሩ የሾለከች ኦክስጅን ዙሪያዋን ያለውን ብረት አዝጋዋለች። ያ ተክል አየር ከላይ ወደ ታች ያወርድ ነበር ማለት ነው። ምን ዓይነት ተክል እዚያ ይበቅል እንደነበር ሽማግሌ ጠይቁ።

ሳይቆፈርም የሚናገር ነገር አለ። ቄጠማ በራሱ የሚበቅልበት፣ አሰንዳቦ የሚባለው የሣር አረም ስንዴውን የሚያስቸግርበት፣ ማገጥ የሚባለው የዱር መኖ በክረምት የሚለመልምበት ማሳ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ነው።

2. አንድ ተክል ነቅላችሁ ሥሩን አንብቡ

ከቢጫው ቦታ አንድ፣ ከአረንጓዴው ቦታ አንድ ንቀሉ። መሳብ ሳይሆን በአካፋ ከነአፈሩ ማንሳት ነው፤ ከተሳበ ጥሩው ሥር እዚያው ይቀራል። ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ እጠቡት።

ነጭና ጠንካራ ሥር ደህና ነው። ቡናማ ሆኖ የለሰለሰ ሥር ታፍኗል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ስትስቡት ልጡ ወልቆ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ከቀረ ሞቷል። የባቄላ ሥር ጥቁር ከሆነ ነገሩ ከመታፈን አልፎ የሥር አበስብስ በሽታ ገብቶበታል። ይህን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ አፈር ውስጥ የሚኖር ነው። ውሃ በተኛበት ጥቁር አፈር ላይ የተዳከመ ሥር ሲያገኝ ይበረታል። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሃውን ማስወጣት ይቀድማል።

ባቄላ፣ ምስር፣ አተር ከሆነ ሥሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ። ናይትሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንዷን በምላጭ ሰንጥቁ። ውስጧ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራች ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነች ሥራ አቁማለች። እነዚህ ባክቴሪያዎች ሥራቸው ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ጥራጥሬ ከስንዴ ቀድሞ ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ከግንዱ ግርጌ፣ ከአፈሩ ፊት አጠገብ ያለውን እዩ። ወፈር ያሉ ነጭ አዳዲስ ሥሮች ወደ ጎን እየወጡ ነው? ከሆነ ተክሉ ተስፋ አልቆረጠም። ከእነዚህ ሥሮች አንዱን በምላጭ አግድም ቁረጡና ከተቻለ በማጉያ መነጽር እዩት። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

ይህንን በደንብ ማየት የሚፈልግ ሰው ቄጠማ ይፈልግ። ለበዓል ከተጎዘጎዘው አንድ ዘለላ ቢያነሳ ይበቃል። ግንዱን በስለት አግድም ቢቆርጠው ውስጡ ስፖንጅ ነው። በዚያ ስፖንጅ ውስጥ አየር ከቅጠሉ ተነስቶ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ቄጠማ ረግረግ ውስጥ የሚኖረው ያለ አየር መኖር ስለሚችል አይደለም። አየሩን ከላይ ይዞ ስለሚወርድ ነው።

ስንዴና ጤፍም ይህን የአየር መንገድ ለመሥራት ይሞክራሉ። አሠራሩ ይገርማል። ሥር ሁሌም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በደህና አፈር ውስጥ ጋዙ ተኖ ይጠፋል። ውሃ ሲከበው ግን መውጫ ያጣና ሥሩ ውስጥ ይከማቻል። ያ ክምችት ለተወሰኑ ህዋሳት "ሙቱ" የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ህዋሳቱ ሲሞቱ ባዶ ቦታ ይቀራል። ባዶው ቦታ የአየር መንገድ ይሆናል። ተክሉ ሌላውን ለማዳን የራሱን አካል ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ስንዴ ይህን በደንብ የሚሠራው በአዲሶቹ ሥሮች ላይ ነው። ከዘሩ በቀጥታ የወጡት የመጀመሪያ ሥሮች አብዛኛውን ጊዜ ይሞታሉ። ሁለተኛ፣ አዲስ ሥር ለማውጣትና መንገዱን ለመሥራት ቀናት ይፈልጋል። ቡቃያው ገና ጨቅላ ሆኖ ከታፈነ አቅም የለውም። በደንብ ከቆነጠጠ በኋላ ከሆነ የተሻለ ይቋቋማል። ቀጥሎ ስለ ሰብል ምርጫና ስለ ዘር ጊዜ የምንለው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

3. ሰብሉን በትንፋሹ ምረጡ

ተክሎች ውሃን የሚቋቋሙት በአንድ መንገድ አይደለም። የአየር መንገድ መሥራቱን አይተናል። ሁለት ሌሎች መንገዶችም አሉ። እነሱን በደንብ የሚያሳየን ሩዝ ነው።

አንዳንዱ የሩዝ ዓይነት ይሸሻል። ውሃው ሲሞላ ግንዱን እየመዘዘ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ያወጣል። በቀን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አለ። ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። እድገቱን አቁሞ፣ ስኳሩን ቆጥቦ፣ ውሃው እስኪሄድ ይጠብቃል። ይህን ትዕግሥት የሚሰጠው ጂን ሰብ-1-ኤ ይባላል። የተገኘው ከአንድ የሕንድ ነባር የሩዝ ዝርያ ነው፤ ማንነቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በማዳቀል ወደ ሌሎች ዝርያዎች አስገብቶት ዛሬ በደቡብ እስያ በሰፊው ይዘራል። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል።

ሩዝ ሌላም ጥበብ አለው። የሥሩን ውጫዊ ክፍል አየር እንዳያሾልክ ይለብጠዋል። ስለዚህ ከላይ የወረደው አየር መንገድ ላይ ሳይባክን ጫፉ ድረስ ይደርሳል። ስንዴ ይህ ልባጥ የለውም ማለት ይቻላል። የስንዴ ሥር አየር እያለውም ጠልቆ የማይሄደው ለዚህ ነው።

"ታዲያ ሩዝ እንዝራ?" የሚል አይጠፋም። ፎገራ ሜዳ ላይ ተሳክቷል። የእኛ ደጋ ግን ለሩዝ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ እጃችን ላይ ካለው እንምረጥ።

ጤፍ ከእህሎቻችን ውሃን በመቻል የታወቀ ነው። የአየር መንገድ ይሠራል። ዘሩም ላይ ላዩን ስለሚበተን ከአየር አይርቅም። ገበሬው ጥቁር አፈር ላይ በከብት አስረግጦ ጭቃ ላይ የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣም ዝቅ ያለው ቦታ ለጤፍ ይሁን፤ ከፍታው ከፈቀደ።

ስንዴ መካከለኛ ነው። ገብስ ባጠቃላይ ከስንዴ ይብሳል። ገብስን ተዳፋት ላይ ወይም ውሃ የማይዝ ቀላል አፈር ላይ ማድረግ ነው። አጃ ከገብስ ይሻላል፤ ለከብት መኖ የሚፈልግ ያስብበት።

ከጥራጥሬው ባቄላ ከምስር፣ ከአተርና ከሽምብራ የተሻለ ይችላል። "የተሻለ" ነው ያልኩት። የሥር አበስብሱ ካለ ይህ ብልጫው ብዙም አያድነውም። ለውሃማ ጥቁር አፈር ተብለው የወጡ የባቄላ ዝርያዎች አሉ። ዋልኪ፣ ዳግምና ላሎ ይጠቀሳሉ። ዘራቸው መኖሩን ከወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ግን የትኛውም ዝርያ ቦይን አይተካም። ምስር፣ አተርና ሽምብራ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ በሐምሌ መዝራት ዘር መጣል ነው።

ጓያ ለብቻው ነው። ውሃውንም ችሎ፣ ከዚያ የሚመጣውንም ድርቅ ይችላል። ስለሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ ጥንቃቄ አለው።

ማገጥ ብዙ ሰው እንደ አረም ነው የሚያየው። የጥቁር አፈር የዱር ማገጥ ግን ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚለመልም ጥሩ መኖ ነው። ምንም የማይሆን ታች ማሳ ካላችሁ ለማገጥ ተዉትና በመስከረም አጭዳችሁ ድርቆሽ አድርጉት። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለውን መሬት ስንዴ ካልሆንክ ብሎ በየዓመቱ መታገል ትርፍ የለውም።

ዛፍ የሚተክል ሰውም ይህን ይጠይቅ። ቀዩ ባሕር ዛፍ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ከነጩ በተሻለ ይችላል።

የሰብሎቹን ልዩነት በዓይኑ ማየት የሚፈልግ፣ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ለልጆች ማሳየት የሚፈልግ፣ አራት ጣሳ ይውሰድ። በሁለቱ ጤፍ፣ በሁለቱ ምስር ይዝራ። ከእያንዳንዱ አንዱን ጣሳ ከታች ይብሳው፤ ሌላውን አይብሳው። ቡቃያው ጣት ሲያክል ያልተበሱትን ውሃው ከአፈሩ ትንሽ ከፍ እስኪል ይሙላቸው። ከዚያ በየቀኑ ማየት ነው። ምስሩ ቀድሞ ያጎነብሳል። ሲያበቃ አራቱንም ነቅሎ፣ አጥቦ፣ ሥሮቹን ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። የማሳውን ነገር ከማንኛውም ስብሰባ ይልቅ ይሄ ያስረዳል።

4. መደብና ቦይ አውጡ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥሩን ከፍ ማድረግ፣ ውሃውን ዝቅ ማድረግ። ሥሩ ከውሃው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ የሚተነፍስበት አፈር አገኘ ማለት ነው።

እነዋሪና አካባቢዋ በዚህ የቆየ ልምድ አላቸው። ማሳው ከታረሰና ዘር ከተበተነ በኋላ ቤተሰቡ ወጥቶ፣ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ፣ አፈሩን ከቦዩ በእጅ እየዛቁ መደቡ ላይ ይከምራሉ። ወገብ ይቆርጣል። ግን ይሠራል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደብረ ብርሃንም ደብረ ዘይትም ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ይህን ሥራ ለበሬ አዘጋጀው። ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ፣ በሁለቱም ላይ አፈር ወደ መሃል የሚገፋ ክንፍ አደረገበት። ገበሬው ቢቢኤም ይለዋል። የሚያወጣው መደብ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል።

ቢቢኤም ካላችሁ ወይም መዋስ ከቻላችሁ እሰየው። ከሌለ በማረሻ ቦይ እየከፈቱ በእጅ ማስተካከል ነው። መጠኑ ያው ነው። መደቡን ከዚያ አታስፉት። ሰፊ መደብ መሃሉ ላይ ያለው ውሃ ወደ ቦዩ ለመድረስ ሩቅ ይሆንበታል፤ ጥቁር አፈር ደግሞ ከረጠበ በኋላ ውሃ በጎኑ በቀላሉ አያሳልፍም። ሜዳው ላይ ከሩቅ እየተራራቀ የሚቀደደው የተለመደው ፈሰስ ላይኛውን ጎርፍ ያወጣል እንጂ መሃል ያለውን ሥር አያድንም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ መውጫውን ፈልጉ። መደብ አውጥቶ ውሃውን የሚልክበት ያጣ ሰው ማሳው ዳር ኩሬ ሠራ ማለት ነው። ዝቅተኛውን ጥግ ለዩ። ከዚያ ወዴት ይሄዳል? የጎረቤት ማሳ ላይ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ከግንቦት ማለፍ የለበትም። ሐምሌ ላይ ውሃው ከመጣ በኋላ የሚደረግ ንግግር ጠብ ነው። የሚሻለው ላይኛውና ታችኛው ማሳ ያላቸው ሰዎች አንድ የጋራ ማፋሰሻ ቦይ ቢያወጡ ነው።

ቀጥሎ የቦዩን አቅጣጫ አስተካክሉ። ቦይ ቁልቁል በቀጥታ አይቀደድም። ተዳፋቱን ወደ ጎን ሰያፍ እየቆረጠ ቀስ ብሎ ይውረድ። ውሃው እንዲሳብ እንጂ እንዲሮጥ አትፈልጉም። ጥቁር አፈር ላይ ውሃ ከሮጠ በሁለት ክረምት ገደል ይከፍታል። ወደ ጀማ ሸለቆ አፋፍ የተጠጋ ማሳ ያለው ሰው ይሄን ከእኔ በላይ ያውቃል። የቦዩ መጨረሻ ሣር ላይ ይሁን። ባዶ አፈር ላይ ከሆነ ድንጋይ ደርድሩበት።

ከዚያ መደቡን አውጡና ዝሩ። የመደብና ቦይ ትልቁ ጥቅም ቀድሞ መዝራት ማስቻሉ ነው። ድሮ ጥቁር አፈር ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ባዶውን ይጠብቅ ነበር። ውሃው የሚወጣ ከሆነ ባቄላና ስንዴ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሊገቡ ይችላሉ። ኃይለኛው ዝናብ ሲመጣ ቡቃያው ቆንጥጦ ይጠብቀዋል። ፍሬውም በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ከመመታቱ በፊት ይሞላል።

በመጨረሻ ቦዩን ጠብቁ። አንዴ ተቀድዶ የሚተው አይደለም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ዞር ዞር እያላችሁ የተናደውን አንሱ። አንድ ቦታ ላይ የወደቀ ጓል ሙሉውን ቦይ ኩሬ ያደርገዋል።

ለጓሮ ሰው ሁለት ቃል። ነጭ ሽንኩርትና ድንች በክረምት ከፍ ባለ መደብ ላይ ካልሆነ አይሞከርም። አፕል የሚተክል ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ለም አፈር አይሙላበት። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ስለሆነ ጉድጓዱ ጋን ይሆናል፤ ዛፉም ጋን ውስጥ የተተከለ ይሆናል። ከፍ ያለ ጉብታ ሠርቶ ጉብታው ላይ መትከል ነው የሚሻለው።

5. ውሃው ከያዘው በኋላ

ቦዩም እያለ አንዳንድ ክረምት ያሸንፋል። ያን ጊዜ የሚደረገውን ያህል የማይደረገውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

ዩሪያ አትበትኑ። ሰው ቢጫውን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄን ነው። ውሃ ላይ የተበተነ ዩሪያ የተወሰነው በጎርፍ ይሄዳል፣ የተወሰነው ጋዝ ይሆናል። የታፈነ ሥር ደግሞ የቀረውንም አይወስድም።

ማሳው ውስጥ አትግቡ። ረግረጉ ላይ የሰውና የከብት እግር የቀረውን ክፍተት ይደፍነዋል። አረም ቢያስቸኩልም ጠብቁ። በተለይ በዶማ መኮትኮት አይሆንም። ተክሉን እያዳኑት ያሉት አዳዲስ ሥሮች ላይ ላዩን ነው ያሉት፤ ዶማው የሚቆርጠው እነሱን ነው።

የሚደረገው፣ ከዳር ሆኖ ውሃውን ማስወጣት ነው። መውጫውን ክፈቱ። ዝቅ ካለው ቦታ ወደ ቦዩ በአካፋ ቀጭን መንገድ ቅደዱለት። ቀናት ወሳኝ ናቸው።

ውሃው ሲወጣም ሌላ ፈተና አለ። ለቀናት ያለ ኦክስጅን የቆየ ሥር ኦክስጅን ድንገት ሲያገኝ ህዋሳቱን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ይፈጠሩበታል። ሥሩም አንሷል፣ ቅጠሉ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትወጣ ማሳው ከበፊቱ የባሰ ሊመስል ይችላል። አትደንግጡ፤ ወዲያው ሰብሉን በማረሻ አትገልብጡት። ጥቂት ቀን ጠብቁና አንድ ተክል አንሥታችሁ ሥሩን እዩ። ነጭ አዲስ ሥር ካለና መሃሉ ላይ አዲስ ቅጠል ካወጣ ይተርፋል። ዩሪያው የሚሰጠው አሁን ነው። ቀድሞውንም ዩሪያን ከፋፍሎ ያስቀረ ሰው አሁን በእጁ ላይ አለው። ሁሉንም በዘር ጊዜ የጨረሰ የለውም። ጥቁር አፈር ላይ ዩሪያን በአንዴ አለመጨረስ ጥሩ ልማድ ነው።

ነጭ ሥር ከሌለ ግን ጊዜ አታባክኑ። ወደሚቀጥለው ሂዱ።

6. የዘገየው ዘር

ነሐሴ ሲያልቅ ዝናቡ ይቀንሳል። ጥቁር አፈር ግን የጠጣውን ውሃ ለወራት ይይዛል። የክረምቱ ጠላት የበጋው ወዳጅ ይሆናል። ሽምብራና ጓያ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ የሚዘሩት በዚህ በተረፈ እርጥበት ነው። ሽምብራ ውሃ አይወድም፤ ስለዚህ ውሃውን አሳልፎ ይመጣል። ይሄም አንድ መላ ነው፤ ተክሉ ባይችለው ገበሬው የዘሩን ቀን አሸሸለት። አፈሩ ሲጨበጥ የሚጣበቅ፣ ሲለቀቅ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ ሲሆን ዝሩ። በጣም ከዘገየ አፈሩ ይሰነጠቅና ሥሩን ይበጥሳል፣ ውርጩም ይደርሳል። ብርዱ የሚበረታበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ሽምብራ ባይሞከር ይሻላል። ቆላ ቀመስ የሆነው ወገን ላይ ይሳካል።

መሬቱ አሁንም ረጥቦ አልለቅ ካለ ጓያ ይሻላል። ርካሽ ነው፣ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ጭቃ ላይ ይበቅላል። ጥንቃቄው ከዚህ ይጀምራል። ጓያ ውስጥ ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ሰው ለሁለትና ለሦስት ወር በየቀኑ ዋና ምግቡ ካደረገው እግሩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል፤ ያ ደግሞ አይድንም። አደጋው የሚብሰው ሌላ እህል በጠፋበት የችግር ዓመት ነው። ማለትም ልክ ውሃው ስንዴውንና ባቄላውን በበላበት ዓመት። በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ለሽሮም ሆነ ለቂጣ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ፣ በትንሹና አልፎ አልፎ ይበላ። ክረምቱ ሰብሉን የወሰደበት ቤተሰብ ጓያውን ካመረተ በኋላ ከፊሉን ገበያ አውጥቶ በሌላ እህል ቢለውጠው ይሻላል።